ጅቡቲ ላይ ያየኋቸው ዓሦች ምን ይባላሉ?

ጥያቄ፦ የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ። ለሥራ ጅቡቲ ሄጄ በነበረበት ጊዜ በጀልባ ወደ ሙሻ ደሴት ወሰዱኝና በስኩባ (የአየር ጋን ተሸክሜ) ጠለቅሁ። በአንድ ቀን ሁለቴ ነው፤ እስከ 12 ሜትር። በዚያው ሌሊት በመኪና ወደ አገር ቤት ጉዞ ጀመርኩ። አራት ዓሦች ከአእምሮዬ አልወጣ አሉ። አንደኛው ክብና ቢጫ ነው፤ ከዓይኑ ኋላ ግራጫ ሰማያዊ ምልክት አለው፤ ጥንድ ሆነው ይቆማሉ። ሁለተኛው ጥቁር ሰማያዊ ሲሆን ጎኑ ላይ ትልቅ ቢጫ ምልክት አለው፤ ግማሽ ሜትር ይሆናል። ሦስተኛው ጥቁር ሰንበር ያለው፣ ቁርጥ ቆሮሶ (የሐይቃችን ቲላፒያ) ነው። አራተኛው ጣት የሚያህል፣ የትልልቅ ዓሦችን አፍ የሚያጸዳ ነው። ፎቶ አንስቼ ነበር፤ ሁሉም ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። የስልኬ አፕ ለጥቁር ሰማያዊው ሦስት የተለያየ ስም ሰጠኝ፤ አንዱ ካሪቢያን የሚኖር ዓሣ ነው። ስማቸው ምንድን ነው? ባሕር ውስጥም ቆሮሶ አለ እንዴ? ለወደፊቱስ ቀለማቸውን በደንብ ለመያዝ ምን ላድርግ?

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ዋናው ችግር ያለው እዚያ ነው። ቀለሙን ለመያዝ አይድከሙ። ቀለም መጨረሻ ላይ የሚታይ ነገር ነው። ብዙ ሰው ከውሃ ሲወጣ «ቢጫ ነበር»፣ «ሰማያዊ ነበር» ይላል። ቀይ ባሕር ውስጥ ብቻ ከ1,000 በላይ የዓሣ ዝርያ አለ። ቢጫ የሆኑት ብቻ ገጽ ሙሉ ናቸው። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ስም ሳያገኝ ይሰለቻል፤ ወይም ደግሞ የተሳሳተ ስም ይዞ ይቀራል።

ትክክለኛውን መንገድ እርስዎ ያውቁታል። አሞራ ገደል፣ የሐዋሳው ዓሣ ገበያ፣ ጎራ ብሎ የሚያውቅ ሰው ቆሮሶን ከአምባዛ በቀለም አይለይም። አምባዛ ጢም አለው፤ ቅርፊት የለውም፤ ራሱ ጠፍጣፋ ነው። ቆሮሶ ጎኑ ሰፊ ነው፤ ጀርባው ላይ እሾህ አለ፤ ጭራው ላይ ቀጫጭን ቀጥ ያሉ መስመሮች ተደርድረዋል። ቢልጫ ከሁለቱም ይለያል፤ በትልልቅ ቅርፊቶቹ ያስታውቃል። ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ያሉት ዝርያዎች 6 ብቻ ስለሆኑ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ኮራል ሪፍ (ኮራል የሚባሉ ትንንሽ የባሕር እንስሳት የሠሩት ዓለታማ ቦታ) ላይ ሲሄዱ የሚጨምረው የዓሣው ዓይነት ነው እንጂ ዘዴው ያው ነው። መጀመሪያ ቅርጽ፣ ቀጥሎ አፍና ጭራ፣ ከዚያ አዋዋኝ፣ ከዚያ ቦታ፣ ከዚያ ሰንበርና ነጥብ። ቀለም ከሁሉም በኋላ።

ቀለም ለምን እንደማይታመን በደንብ ላስረዳ፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ሁሌም እዚያው ይመለሳልና።

የመጀመሪያው ምክንያት ውሃው ራሱ ነው። ውሃ ከብርሃን ውስጥ ቀዩን ቀድሞ ይውጠዋል። 5 ሜትር አካባቢ ቀይ በግልጽ ይደበዝዛል። ወደ 10 ሜትር ሲወርዱ ብርቱካናማው ይከተላል። ቢጫ ከእነሱ ትንሽ ይቆያል። ሰማያዊ ነው ጠልቆ የሚሄደው። እርስዎ በነበሩበት ጥልቀት ደማቅ ቀይ ዓሣ ቡናማ ወይም ግራጫ መስሎ ያልፋል። በዚያ ላይ ወደ ጎን ያለው ርቀትም ይደመራል። ብርሃኑ ከላይ 12 ሜትር ወርዶ፣ ከዓሣው እስከ እርስዎ ደግሞ 3 ሜትር ከሄደ፣ 15 ሜትር ውሃ አልፏል ማለት ነው። ፎቶዎ ሰማያዊ የሆነው ካሜራው ስለተበላሸ አይደለም። በኋላ በስልክ ማስተካከል በመጠኑ ይረዳል። ካሜራው ውስጥ ያልገባን ቀይ ግን ከየትም አያመጣውም። መፍትሔው ለውሃ የተሠራ የእጅ ባትሪ ነው። ከ1 ሜትር ባነሰ ርቀት ሲያበሩበት ቀለሙ ወዲያው ይመለሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ዓሣው ራሱ ነው፤ ይህ ደግሞ ከውሃው የባሰ ነው። አንድ ዝርያ በሕይወቱ ሁለትና ሦስት ልብስ ይቀያይራል። ፖማካንተስ ኢምፔራተር የሚባለውን ኤንጅል ፊሽ ይውሰዱ። ሲያድግ ቢጫና ሰማያዊ መስመሮች አግድም ይሄዱበታል። ልጅ እያለ ግን ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ነጫጭ ቀለበቶች አንዱ በአንዱ ውስጥ ተጠምጥመውበታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ ዓሣ ናቸው ቢባል አያምንም። የድሮ ሳይንቲስቶችም አላመኑም፤ ልጁን እንደ ሌላ ዝርያ ቆጥረው የራሱን ስም ሰጥተውት ነበር።

ፆታም አለ። ሪፉ ዳር ብርቱካናማ መንጋ ሆነው የሚርመሰመሱ ትንንሽ ዓሦች ሳያዩ አልቀሩም። አንቲያስ ይባላሉ። ብርቱካናማዎቹ ሴቶች ናቸው። መሐል መሐል የሚታዩት ሐምራዊዎቹ፣ ጀርባቸው ላይ አንድ ረዥም የክንፍ ዘንግ ያላቸው፣ ወንዶች ናቸው። ወንዱ ሲሞት ከሴቶቹ አንዷ ወደ ወንድ ትለወጣለች፤ ቀለሟም አብሮ ይለወጣል። ፓሮት ፊሽ የሚባሉት፣ ጥርሳቸው እንደ ወፍ ምንቃር የገጠመው፣ እነሱም እንዲሁ ናቸው። ቡናማዋ ሴት አድጋ አረንጓዴ ሰማያዊ ወንድ ልትሆን ትችላለች። ቀለም ብቻ የሚያይ ሰው እነዚህን ሁለት ዝርያ ብሎ ይመዘግባቸዋል። ሲመሽ ደግሞ ብዙ ዓሣ የሌሊት ቀለም ይለብሳል። ቀን ሰማያዊ የነበረው ሌሊት ቀይ ሆኖ ኮራል ሥር ተኝቶ ይገኛል።

መጠንም ያሳስታል። ማስክዎ ውስጥ ያለው አየር ብርሃኑን ስለሚያጥፈው ውሃ ውስጥ ያለ ነገር በ3 አንድ እጅ ያህል ገዝፎ ይታያል፤ የቀረበም ይመስላል። 30 ሳንቲ ሜትር ዓሣ 40 መስሎ ይታያል። ስለዚህ የእርስዎ «ግማሽ ሜትር» ወደ 38 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ይህን ልብ ይበሉ፤ ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

ታዲያ ምን ይታይ? ቅርጹ እንደ ሳህን ክብና ጠፍጣፋ ነው ወይስ ረዥም? አፉ ሹል ነው፣ ምንቃር ነው ወይስ ወደ ታች የዞረ? ጭራው ተሰንጥቋል፣ ክብ ነው ወይስ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ? አዋዋኝን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምተማመንበት እሱን ነው። ፓሮት ፊሽና ዘመዶቹ በደረታቸው ክንፍ ይቀዝፋሉ፤ ጭራቸውን የሚጠቀሙት ሲቸኩሉ ብቻ ነው። ትሪገር ፊሽ ደግሞ የጀርባና የሆድ ክንፉን እያወዛወዘ ይሄዳል። እነዚህን ደብዛዛ ውሃ ውስጥም ከሩቅ መለየት ይቻላል። ቀለም ሳይታይ ቤተሰቡ ታወቀ ማለት ነው።

አሁን ወደ አራቱ ዓሦች።

ቢጫው ኬቶዶን ሴሚላርቫተስ ነው። ይህን በልበ ሙሉነት እናገራለሁ። ባተርፍላይ ፊሽ ከሚባሉት ነው። ክብ ቅርጹ፣ ጥንድ ሆኖ መቆሙ፣ ከዓይኑ ኋላ ያለው ግራጫ ሰማያዊ ምልክት አንድ ላይ ሲመጡ ሌላ የሚወዳደር የለም። ቀረብ ብለው ቢያዩት ጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ቀጫጭን ብርቱካናማ መስመሮች ነበሩበት። በ12 ሜትር ላይ እነሱ ቢጠፉብዎት አይገርምም። እስከ 23 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ በሚመስል ኮራል ሥር ጸጥ ብሎ መቆም ይወዳል። የሚኖረው በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ብቻ ነው፤ የትም ሌላ ቦታ የለም። በዚያው አካባቢ ኬቶዶን ሜላፕተረስ የሚባል ሌላ ቢጫ አለ። የእሱ ግን የኋላ ክፍሉና ጭራው ጥቁር ነው። እርስዎ ጥቁር ጭራ ስላልጠቀሱ ከዝርዝሩ አስወጥቼዋለሁ።

ጥቁሩ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እዚህ ጋ ሁለት እጩዎች አሉ፤ ሁለቱም ኤንጅል ፊሽ ናቸው፤ ሁለቱም ጅቡቲ ውሃ ውስጥ አሉ። አንዱ ፖማካንተስ ማኩሎሰስ፣ ሌላው ፖማካንተስ አስፉር ይባላል። ልምድ ያላቸው ጠላቂዎችም ያምታቷቸዋል። ሁለቱም ሰማያዊ አካል አላቸው፤ ሁለቱም ጎናቸው ላይ ቢጫ ምልክት አላቸው።

መለያው ጭራው ነው። የአስፉር ጭራ ደማቅ ቢጫ ነው፤ ሊሳት አይችልም። ራሱም በጣም ጥቁር ነው። ቢጫው ምልክት ደግሞ እንደ ግማሽ ጨረቃ ሆኖ ወደ ላይ እስከ ጀርባ ክንፉ ይዘልቃል። የማኩሎሰስ ጭራ ፈዛዛ ነው። አካሉ ወደ ግራጫ ሰማያዊ ያደላል፤ ከራሱ ኋላ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች አሉት። ቢጫው ምልክት ዳሩ ወጥ ያልሆነ፣ የፈሰሰ ቀለም ዓይነት ነው። መጠኑ አያስታርቀንም። ማኩሎሰስ እስከ 50 ሳንቲ ሜትር፣ አስፉር እስከ 40 ይደርሳል። የእርስዎ ዓሣ በትክክል ሲለካ 38 አካባቢ ስለሆነ ለሁለቱም ይሆናል። «ጥቁር ሰማያዊ» ማለትዎ ወደ አስፉር ይገፋፋል። ነገር ግን ከላይ እንዳልኩት ጥልቅ ውሃ ውስጥ ግራጫውም ይጠቁራል። ስለዚህ በዚህ ብቻ አልፈርድም። ፎቶው ሰማያዊ ቢሆንም ይጠቅማል። ጭራው ከአካሉ ይልቅ ደምቆ ይታያል ወይ ብለው ይመልከቱ። በጣም ከደመቀ አስፉር የመሆን ዕድሉ ይበልጣል። ካልደመቀ ማኩሎሰስ ነው። ጭራው ፎቶው ውስጥ ካልገባ ደግሞ «ፖማካንተስ» ብለው ይመዝግቡትና እዚያው ያቁሙ።

አፑ ካሪቢያን የወሰደዎትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የሰጠዎት ስም ፖማካንተስ ፓሩ ሳይሆን አይቀርም። እሱም ጥቁርና ቢጫ ነው፤ የአንድ ወገን ዘመድም ነው። አፑ ወገኑን በትክክል አግኝቷል፤ ዝርያውን ነው የሳተው። ምክንያቱም አፕ የሚያወዳድረው ሥዕልን ከሥዕል ጋር ነው። ውሃ ሥር ጂፒኤስ አይሠራም፤ የካሜራ ፎቶም ብዙ ጊዜ ቦታ አልተጻፈበትም። ስለዚህ አፑ ከመላው ዓለም ባሕር እየገመተ ነው። እንደ አይናቹራሊስት ያሉት አፖች ላይ ቦታውን በእጅዎ ያስገቡ። ሙሻ ደሴት ያለችበትን ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ብለው ካስገቡ ግማሹ ስህተት ይወገዳል። ከዚያ የተሰጠዎትን ስም ፊሽቤዝ የሚባለው የዓሦች መረጃ ድረ ገጽ ላይ ገብተው ጅቡቲ መኖር አለመኖሩን ያጣሩ። እዚያ ውሃ ውስጥ የማይኖር ዓሣ የቱንም ያህል ቢመስል መልስ አይደለም።

ወደ «ባሕር ቆሮሶ» እንምጣ። የለም። ቆሮሶ ጨው የሌለው ውሃ ዓሣ ነው፤ ኮራል ሪፍ ላይ አይኖርም። ያዩት አቡደፍደፍ ቫይጊየንሲስ ይመስለኛል። አምስት ጥቁር ሰንበሮች ከላይ ወደ ታች ይወርዱበታል፤ ጀርባው ላይ ቢጫ ጥላ አለ። መንጋ ሆኖ ይዋኛል፤ ጀልባ ሥርም ይሰበሰባል። አቡደፍደፍ ሴክስፋሺያተስ የሚባል ወንድም አለው። የእሱ ጭራ ላይ፣ ላይና ታች፣ ሁለት ጥቁር መስመሮች መቀስ ሠርተው ይታያሉ። እርስዎ ስለ ጭራው ምንም ስላላሉ የመጀመሪያውን መርጫለሁ።

ቆሮሶ መምሰሉ ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን በማስተዋልዎ ደስ ብሎኛል። አብዛኞቹ ዓሦች በራሳቸው በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ አላቸው። የቆሮሶ ቤተሰብና የአቡደፍደፍ ቤተሰብ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ አንድ ብቻ ነው ያላቸው። ለረጅም ጊዜ የቅርብ ዘመዶች ተደርገው ይቆጠሩ ነበር። በኋላ የዘር ጥናት ሲመጣ ያን ያህል እንደማይቀራረቡ ታየ፤ ግን እስካሁን አንድ ትልቅ ጎራ ውስጥ ናቸው። በሚቀጥለው ቆሮሶ ሲገዙ ከማስላጥዎ በፊት አፍንጫውን ይመልከቱ።

አራተኛው ላብሮይደስ ዲሚዲያተስ ነው። ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጥቁር መስመር የሚሄድበት፣ ጎኑ ሰማያዊ የሆነ ቀጭን ዓሣ። ሪፉ ላይ ቋሚ ቦታ አለው። ትልልቆቹ እዚያ ይመጣሉ፤ አፋቸውንና ስንጥባቸውን ከፍተው ይቆማሉ፤ እሱም ጥገኛ ተባይ እየለቀመ ይበላል። ነገር ግን አስመሳይ አለው። አስፒዶንተስ ቴኒያተስ የሚባለው ዓሣ ልክ እሱን መስሎ ይቀርብና ከደንበኛው ክንፍ ቦጭቆ ይሸሻል። ቀለማቸው አንድ ነው። ልዩነቱ አፉ ላይ ነው። የእውነተኛው አፍ ፊቱ ጫፍ ላይ ነው። የአስመሳዩ አፍ ከአፍንጫው ሥር ገባ ብሎ ነው ያለው። እርስዎ ያዩት ትልቅ ዓሣ አፍ ውስጥ ገብቶ በሰላም ሲሠራ ስለነበር እውነተኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

ስሞቹን በሳይንሳዊ አጠራር የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። የጠላቂዎች ስም ከአገር አገር ይለያያል፤ ይህኛው አይለያይም። ከጠቀስኳቸው ውስጥ ማኩሎሰስንና አስፉርን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ስዊድናዊው ፔተር ፎርስኮል ነው። ወደ ዓረብ አገር በተላከው የዴንማርክ ጉዞ ላይ እያለ በ1763 የመን ውስጥ ሞተ፤ ሥራው የታተመው በ1775 ነው። ከእሱ በኋላ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል መጣ። ቀይ ባሕር ላይ ብዙ ዓሣ መዝግቧል። ዛሬ ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ የምናገኘውን ትልቁን ቢልጫ ከጣና ወስዶ በ1835 ስም የሰጠውም እሱ ነው። ሐይቁንና ሪፉን ያጠኑት የተለያዩ ሰዎች አልነበሩም ለማለት ነው።

ገደቡንም ማወቅ ያስፈልጋል። ሁሉም ዓሣ ከውሃ ሥር አይለይም። አሸዋ ላይ የሚቀመጡት ትንንሾቹ ጎቢዎች፣ ቡናማ የሆኑት ወጣት ፓሮት ፊሾች፣ ብዙዎቹ የሌሊት ዓሦች በፎቶ ብቻ አይለዩም። ባለሙያ እጁ ላይ ይዞ የክንፉን አጥንቶች ይቆጥራል፤ አንዳንዴም የዘር ምርመራ ይጠይቃል። ባተርፍላይ ፊሾች ደግሞ እርስ በርስ ተዳቅለው የሁለቱንም መልክ የያዘ ልጅ የሚወልዱበት ጊዜ አለ። «ፓሮት ፊሽ፣ ዝርያው ያልታወቀ» ብሎ መጻፍ ሙሉ መልስ ነው። በግምት ስም ከመስጠት እጅግ ይሻላል።

ዓሣ ለመለየት ብለው ሲጠጉ የሚመጣ አደጋም አለ። ላየን ፊሽ ረዣዥም ክንፎቹን ዘርግቶ ሲቆም ቆንጆ ነው፤ አይሸሽም፤ ለፎቶ ይመቻል። የጀርባው እሾህ ግን መርዝ አለው። ስቶን ፊሽ ከእሱ ይብሳል፤ ድንጋይ መስሎ ስለሚተኛ ፎቶ ሲያነሱ እጅዎን ሪፉ ላይ አያሳርፉ፤ ጥልቀት በሌለው ቦታም በባዶ እግር አይርገጡ። እሾህ ከወጋዎት ቦታውን በማያቃጥል ሙቅ ውሃ፣ ቢበዛ 45 ዲግሪ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይዘፍዝፉና ወደ ሕክምና ይሂዱ። ሙቀቱን ያልተወጋው እጅዎ ይፈትነው። ሰርጅን ፊሾች ጭራቸው ሥር እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ስለት አላቸው፤ በእጅ አይንኩ። ትልቁ ትሪገር ፊሽ እንቁላል በሚጠብቅበት ጊዜ ሰው ያሳድዳል። የሚጠብቀው ቦታ ከጎጆው ወደ ላይ እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ላይ አይሽሹ፤ ወደ ጎን ይዋኙ። ደግሞም አንድን ዓሣ በፎቶ ስለለዩ ብቻ ለመብላት አይወስኑ። የፓፈር ፊሽ መርዝ ተቀቅሎም ተጠብሶም አይጠፋም።

አሁን የምመክርዎትን ልናገር። በሚቀጥለው ጊዜ ሁሉንም ዓሣ ለማወቅ አይሞክሩ። አንድ ቤተሰብ ብቻ ይምረጡ፤ እሱም ባተርፍላይ ፊሽ ይሁን። በቅርጹ ወዲያው ይታወቃል። ቀን ይንቀሳቀሳል። ከቦታው ብዙ አይርቅም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወንዱና ሴቷ አንድ ዓይነት መልክ ስላላቸው ከላይ ያልኩት የፆታ ጣጣ የለበትም። ከመሄድዎ በፊት የጅቡቲዎቹን ሥዕል ያጥኑ። የዓይን መሸፈኛ ሰንበሩ፣ ጭራ አካባቢ ያለው የውሸት ዓይን፣ የጎን መስመሮቹ አቅጣጫ፤ እነዚህን ሦስት ነገሮች ይዘው ይውረዱ።

ውሃ ውስጥ የሚጻፍበት ትንሽ ፕላስቲክ ሰሌዳ ከእርሳስ ጋር ይያዙ። ስም አይጻፉበት፤ ገጽታውን በመስመር ይሳሉት። ሥዕል አልችልም አይበሉ፤ የሚፈለገው ራሱ፣ ጭራውና ሰንበሩ የት እንደሚጀምር ብቻ ነው። አጠገቡ ጥልቀቱን፣ ብቻውን ነው ወይስ ጥንድ፣ ምን እያደረገ እንደነበር ይጻፉ። ጀልባ ላይ ከወጡ በኋላ አእምሮ ራሱ እየጨመረ ይሞላል፤ ሰሌዳው ግን አይጨምርም። ፎቶ ሲያነሱ ከጎን ያንሱ፤ ጭራው መግባቱን ያረጋግጡ፤ ባትሪ ያብሩ። አይከተሉት። የተባረረ ዓሣ የሚያሳየው ጀርባውን ነው። ጸጥ ብለው ቢቆዩ ራሱ ይመለሳል።

ልምምዱን ሐዋሳ ላይ መጀመር ይችላሉ፤ ሐይቁ ውስጥ ግን አይደለም። ውሃው ደፍራሽ ነው፤ ጉማሬ አለ፤ ብልሃርዚያም አለ። ማለዳ አሞራ ገደል ጀልባዎቹ ሲመጡ ሰሌዳዎን ይዘው ይሂዱ። አንድ ዓሣ ለ10 ሰከንድ ይዩና ዞር ብለው ይሳሉት። ከዚያ ተመልሰው ያመሳክሩ። ምን እንደረሱ ወዲያው ያያሉ። ብዙ ሰው የሚረሳው አፍና ጭራን ነው። ዓይንዎ እዚያ ካልሰለጠነ 12 ሜትር ላይ፣ አየር እየቆጠሩ፣ አይሰለጥንም።

አንድ ያልጠየቁት ነገር አለ፤ ሳልናገረው ማለፍ አልችልም። በአንድ ቀን ሁለቴ ጠልቀው በዚያው ሌሊት በመኪና መነሳትዎ ትክክል አልነበረም። ከጠለቁ በኋላ ናይትሮጅን ሰውነት ውስጥ ይቀራል፤ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። የአየር ግፊት ሲቀንስ አረፋ ሊሠራ ይችላል። ሰዎች ይህን የአውሮፕላን ጉዳይ ብቻ አድርገው ያስባሉ። ከ300 ሜትር በላይ ከፍታ መውጣት በመኪናም በባቡርም ያው ነው። ድሬዳዋ ብቻ ከባሕር ወለል ከ1,000 ሜትር በላይ ናት፤ አዳማና ሐዋሳ ወደ 1,700 ይጠጋሉ። ለበረራ የተቀመጠው ዝቅተኛ ጊዜ አንዴ ብቻ በተራ ሁኔታ ለጠለቀ ሰው 12 ሰዓት፣ በቀን ከአንድ በላይ ወይም በተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ሰው 18 ሰዓት ነው። ለመንገድም ይህንኑ ይጠብቁ። እኔ ብሆን ሙሉ ቀን አድራለሁ። ከጉዞ በኋላ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም ማዞር ከመጣ፣ ድካም ነው ብለው ሳይተዉት በፍጥነት ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ መጥለቅዎንም ይንገሩት።